ምርኩዝ ሰውነት ያገኘበት ቀን

እኔ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ አንባቢ ከማን ጋር እንደተቀመጠ እንዲያውቅ ብዬ ነው። በከተማችን ያለ መድኃኒት ቤት፣ ያለ ጫማ መሸጫ፣ ያለ ጥርስ ሐኪም ሁሉ ስሙን ያገኘው ከእኔ ብሩሽ ነው። እኔ የጻፍኩበት ግድግዳ ቢፈርስ ፊደሉ ለብቻው አየር ላይ ቆሞ ይቀራል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ማጋነን ስለማልወድ፣ የሚቆመው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ብዬ አርማቸዋለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ የልብስ ሰፊውን ሰሌዳ እየጻፍኩ ሳለ የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጥታ መሰላል አስያዝኳት። ሕግ የተማረች ናት። ስትመረቅ የከተማው ዳኞች በሙሉ ሥራ ሊለቁ አስበው ነበር ብዬ ባወራሁ ጊዜ ስለተቆጣችኝ፣ አሁን አንድ ዳኛ ብቻ እላለሁ። የምትሠራው ለትርፍ ያልተቋቋሙ የሰፈር ማኅበራት ሕጉን አውቀው እንዲደራጁ በሚያማክር ቢሮ ውስጥ ነው።

እንዲህ ቆመን ሳለ ከመንገዱ ማዶ አባ እምቢ ብቅ አሉ። ዊልቸር ገልብጠው አናታቸው ላይ ደፍተዋል፤ ጎማዎቹ በነፋሱ ይዞራሉ፤ ከሩቅ ላያቸው ሊበሩ የተነሱ ነው የሚመስሉት። አናጺ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ከመታወቂያቸው በቀር የሚያውቅ የለም። አባ እምቢ የተባሉት ለሐኪም እምቢ፣ ለእርጅና እምቢ፣ ለዝናብም እምቢ ስለሚሉ ነው። ሲዘንብ ጃንጥላ አይዙም፤ እሱ ያቁም ነው የሚሉት።

ምርኩዝ የሚባለውን የሰፈራችንን ማኅበር ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ምርኩዝ ለታመመና ለተሰበረ ሰው ክራንች፣ ዊልቸርና የሕመምተኛ አልጋ ያውሳል። ሰውየው ሲድን ይመልሳል፤ አባ እምቢ ይጠግኑታል፤ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ክፍያ የለም። በሰፈራችን በምርኩዝ ያልቆመ እግር ካለ፣ ገና ያልተሰበረ እግር ነው።

ከመሰላሌ ላይ ሆኜ ሰላምታ ባቀርብ አልመለሱልኝም። ፊትዎ ምነው ጠቆረ ብላቸው ዊልቸሩን አውርደው መሬቱ ላይ አስቀመጡትና፣ "ተሰድቤ ነው የመጣሁት" አሉ። "እኔ ብሰደብ ምንም አልነበረም። ማኅበሩን ነው የሰደቡት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ቤት የነበራቸው እትዬ ዳቦ አርጅተው፣ ሌላ ከተማ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወር ሳይሞላ ይሄዳሉ። የምርኩዝ ዕቃ በሙሉ የሚቀመጠው በእሳቸው ዳቦ ቤት ጀርባ፣ የድሮው ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። የወንድማቸው ልጅ ደላላ ነው፤ ዳቦ ቤቱንም ክፍሉንም አንድ ላይ ሊሸጥ ገዢ አምጥቶ ግድግዳውን በሜትር ሲያስለካ ታይቷል። እትዬ ዳቦ ግን ክፍሉን ከመሄዳቸው በፊት ለማኅበሩ በስጦታ ልስጥ አሉ። በአባ እምቢ ስም ይዛወር ቢባሉ አሻፈረኝ ብለዋል፤ አንተን አምናለሁ፣ ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ግን አላውቀውም፤ የምሰጠው ለምርኩዝ ነው ብለዋቸዋል። ሁለቱ ተያይዘው ውል ወደሚፈረምበት ቢሮ ሲሄዱ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት የስጦታ ውሉን አልቀበልም ብሎ መለሳቸው።

"ምን ብሎ መለሳችሁ?" አለች የእህቴ ልጅ።

"ማኅበሩ ሰውነት የለውም አለኝ። ፊት ለፊት፣ እትዬ ዳቦ እየሰማች። ስንት አልጋ የሚሸከም ማኅበር ሰውነት የለውም ይለኛል! እኛ አስርበን አከሳነው? ና አንዱን አልጋ በአንድ በኩል አንሳና ማን ሰውነት እንደሌለው እንተያይ አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ቀጣይ አለ።"

የእህቴ ልጅ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል መሰላሌን ለቀቀችው። ሌላ ሰው ቢሆን የሚወድቅበት ቦታ ላይ እኔ በራሴ እግር ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በትሕትና፣ "አባባ፣ ሰውዬው ማኅበርዎን አልሰደበም" አለቻቸው። "ሕጋዊ ሰውነት ማለቱ ነው። የሥጋውን ሰውነት አይደለም።"

"ሰውነት ሰውነት ነው ልጄ። ከፈለግሽ ነይና ዕቃውን እይው።"

ቀለሜን ከድኜ ተከተልኳቸው። እንዲህ ያለ ሙግት ያለ እኔ ቢካሄድ ማን ይመሰክራል?

ክፍሉ ውስጥ ምድጃው ከቀዘቀዘ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ግን አሁንም የዱቄት ሽታ አለ። ክራንቾቹ ከልጅ እስከ አዋቂ በቁመታቸው ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ለፎቶ የተሰለፈ ቤተሰብ ይመስላሉ። ዊልቸሮቹ ታጥፈው ምድጃው አፍ ውስጥ ገብተዋል። መሐል ላይ በእጅ መዘውር ራስጌው ከፍና ዝቅ የሚል የእንጨት አልጋ አለ፤ የአባ እምቢ የእጅ ሥራ ነው። የእሱ መንትያ ጎረቤታችን አስተማሪዋ ቤት ነው ያለው፤ እናቷ ተኝተውበታል። ክፍሉ ከተሸጠ ይህ ሁሉ መንገድ ላይ ይወጣል፤ የአስተማሪዋ እናት አልጋም ቢሰበር የሚጠገንበት ቦታ አይኖርም። አባ እምቢ ይህን ሲያስቡ መዘውሩን ያለ ምክንያት ያዞሩት ጀመር።

የእህቴ ልጅ መፍትሔው ማኅበሩን ማስመዝገብ ነው አለች። ያኔ ነው ጦርነቱ የተጀመረው። እኔ ብዙ ክርክር አይቻለሁ፤ ግማሹን ያሸነፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም።

አባ እምቢ መጀመሪያ ያሉት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ለመርዳት ከማን ፈቃድ ይለምናል ነው። እሷም የሚለምን የለም ብላ መለሰች፤ ክራንች ለማዋስ ማንም አይከለክልዎትም፤ ሳትመዘገቡም መኖር ትችላላችሁ፤ ሳይመዘገቡ ብዙ መልካም የሚሠሩ አሉ፤ ነገር ግን ቤት በስሙ የሚይዝ፣ ውል የሚፈርም ማኅበር ከፈለጋችሁ ሕጉ ሊያውቀው ይገባል አለች። እሳቸው ደግሞ የተመዘገበውን አይተናል አሉና የመንገድ መብራት ማኅበሩን አነሱ። እውነት ነው፤ ያ ማኅበር ተመዝግቦ ነበር። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ከኪሱ አያወጣም፤ ሰርግ ቤት ሳይቀር ይዞት ይሄድ ነበር። መጨረሻ ላይ በሰፈሩ የበራው መብራት እሱ በር ላይ ያለው ብቻ ሆነ፤ እዚያ ግን ሌሊቱ ቀን መስሎ ዶሮዎቹ እንቅልፍ አጡ።

"ያንን ጥፋት የወለደው ምዝገባው አይደለም" አለች። "መተዳደሪያ ደንቡን ከሌላ ማኅበር ገልብጠው ነው ያስገቡት። አንድም አባል አላነበበውም። ደንቡን እናንተው ብትጽፉት ማን ምን እንዲያደርግ፣ ማን ምን እንዳያደርግ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።"

"ከዚያ በኋላስ የመዘገቡን ሰዎች መጥተው አያዙንም? ለዚህ አውሱ፣ ለዚያ አታውሱ አይሉንም?"

"በየዓመቱ የሠራችሁትን ታሳውቃላችሁ። በዓላማችሁ መሠረት መሥራታችሁን ያያሉ። ማሳወቅና ፈቃድ መጠየቅ አንድ አይደለም አባባ።"

አባ እምቢ አልተዋጠላቸውም። ለትርፍ ያልተቋቋመ የሚለውንም ቃል አልወደዱትም፤ እንዲህ ከተባልን ከሥራ የተረፈ ጣውላ ቢኖረን ልንጥለው ነው ብለው ተቆጡ። እሷ ይትረፍ እንጂ አለቻቸው፤ የተረፈው ተመልሶ ለማኅበሩ ሥራ ይውላል፤ የሚሠራ ሠራተኛ ቢኖርም ተገቢ ደሞዝ ይከፈለዋል፤ ክልክል የሆነው የተረፈውን አባላት ለራሳቸው መከፋፈል ነው። ይህን ሲሰሙ ትንሽ ረገቡ። ረገቡ ስል የሚያዞሩት መዘውር ዝግ አለ ማለቴ ነው።

እሷም አጋጣሚውን አላሳለፈችም። እጇን አልጋው ላይ አሳረፈችና፣ "ይሄ አልጋ የማን ነው?" አለች።

"የምርኩዝ።"

"የእርስዎ አይደለም?"

"ሠራሁት እንጂ የእኔ አይደለም። የገዛ ልጄ ብትጠይቀኝ አልሰጣትም።"

"የአባላቱስ? ተካፍለው ቢወስዱትስ?"

"የትኛው አባል ነው የሚወስደው? መጋዝ እንዳለኝ ያውቃሉ።"

"እንግዲህ እርስዎንም ያልሆነ፣ አባላቱንም ያልሆነ፣ ንብረት ያለው አንድ ሌላ አለ ማለት ነው። እዚሁ ክፍል ውስጥ። እኔ አልፈጠርኩትም፤ እርስዎና ጎረቤቶችዎ ናችሁ የፈጠራችሁት። ሕጋዊ ሰውነት የሚሉት እሱኑ ነው። ሕጉ ስሙን ጠርቶ አየሁህ ይለዋል። ከዚያ በኋላ በራሱ ስም ቤት ይይዛል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል።"

"መከሰስ ደግሞ ምን የሚሉት ጥቅም ነው?"

ይህን ጥያቄ እኔም በልቤ ጠይቄው ነበር፤ እሳቸው ቀደሙኝ እንጂ።

እሷም መልሳ ስለ ፎቶ አንሺው ጠየቀቻቸው። አምና ከምርኩዝ የተዋሰው ዊልቸር ጎማው ወልቆ፣ ፎቶ አንሺው ቁልቁለቱን ተንከባሎ እንቁላል ሻጯ ላይ አርፏል። አስኳሉ እስከ ወንዙ ድረስ ወርዶ ዓሦቹ ለሳምንት ሌላ ምግብ አልቀመሱም።

"የፎቶ አንሺው ወንድሞች ማን ቤት ሄዱ?" አለች።

"የእኔ ቤት። በሬን ሊገነጥሉት ነበር።"

"ለምን የእርስዎ ቤት?"

"ሌላ ማን አለ?"

"ይኸው አባባ። ማኅበሩ የራሱ ሰውነት ስለሌለው የእርስዎን ይዋሳል። እናንተ ለሰው ክራንች ታውሳላችሁ፤ እርስዎ ደግሞ ለማኅበሩ ራስዎን አውሰዋል፤ እስካሁንም አልተመለሱም። ምርኩዝ ተመዝግቦ ቢሆን የሚጠየቀው ማኅበሩ፣ በማኅበሩ ንብረት ነበር። የእርስዎ ቤትና መሣሪያ ከነገሩ ውጭ ይሆናል። ሰው አውቆ ካጠፋ ወይም ካጭበረበረ ግን ማኅበር አይሸሽገውም፤ ይህንንም ሳልደብቅ ልንገርዎ።"

አባ እምቢ መዘውሩን እንደገና ማዞር ጀመሩ። እኔ እስካለሁ ድረስ ምርኩዝን የሚያሰጋው የለም አሉ።

"እርስዎ ከሌሉስ?"

"እኖራለሁ። ለሱም እምቢ እላለሁ።"

የእህቴ ልጅ ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየቻቸው። "አባባ፣ እርስዎ እምቢ የማይሉት ነገር እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን እዚህ ካለነው ውስጥ ለሞት እምቢ ማለት የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ምርኩዝ ነው። እርስዎ ያልፋሉ፣ እኔም አልፋለሁ፣ አጎቴም ያልፋል።" እዚህ ላይ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፤ እሷ ግን ቀጠለች። "እሱ ግን አባል እየተተካ መኖር ይችላል። እንዳይችል የያዙት እርስዎ ነዎት።"

አባ እምቢ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ራሳቸው የሠሩት አልጋ ላይ ሲቀመጡ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ ዳቦ ያለችኝም ይህንኑ ነው፣ ተቀየምኳት እንጂ አሉ፤ ለራሳቸው ይመስል ነበር የተናገሩት። ከዚያ ቀና አሉ።

"እሺ የሚል ቃል ከእኔ አትጠብቂ ልጄ። እምቢ የምለውን ግን ልንገርሽ፤ ጻፊ።"

የምርኩዝ መተዳደሪያ ደንብ የተረቀቀው እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ከእምቢታ ብቻ የተሠራ ደንብ ሌላ ቦታ ካለ አሳዩኝና ብሩሼን እሰብራለሁ። ማኅተሙ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ እንዲውል እምቢ አሉ፤ እሷ ማኅተም በጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፣ የማኅበሩን ንብረት የሚነካ ውል ያለ ሁለት ኃላፊዎች ፊርማ አይጸናም ብላ ጻፈች። ዘመድ ቀድሞ እንዲዋስ እምቢ አሉ፤ ዕቃ የሚሰጠው በችግር ቅደም ተከተል ነው ብላ ጻፈች። ሊቀመንበር ወንበሩ ላይ እንዲያረጅ እምቢ አሉ፤ የሥራ ዘመኑን ገድባ፣ የሚመርጠውም የሚያወርደውም ጠቅላላ ጉባኤው ነው ብላ ጻፈች። ማኅበሩ አንድ ቀን ቢፈርስ አባላት ክራንቹን እንዲቀራመቱት እምቢ፣ በመቃብሬ ላይ አሉ፤ ንብረቱ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ሌላ ማኅበር ይተላለፋል ብላ ጻፈች። እሳቸው ቁጣ ይወረውራሉ፣ እሷ ቀልባ አንቀጽ ታደርገዋለች።

አንዱን ግን ከራሷ ጨመረች። አንድ የቦርድ አባል የራሱ ጥቅም ያለበት ጉዳይ ሲወሰን ጥቅሙን ይናገራል፣ ከስብሰባውም ይወጣል አለች። ለምሳሌ ማኅበሩ ጣውላ ከእርስዎ ሊገዛ ቢፈልግ፣ ሲወሰን እርስዎ ውጭ ይቆያሉ።

"እኔን? ከዚህ ክፍል? እምቢ።"

"የመብራቱ ሊቀመንበር በሩ ላይ ያለው እንዲበራ ሲወሰን የት ነበር የተቀመጠው?"

አባ እምቢ ጢማቸውን ዳሰሱ። "መሐል ላይ" አሉ። ከዚያም፣ "ጻፊው። ግን ውጭ ስቆይ ወንበር ይሰጠኝ" አሉ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አባላቱ ምድጃው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ደንቡ ቃል በቃል ተነበበላቸው፤ ያልገባቸው እስኪገባቸው ጠየቁ፤ ቦርድ መረጡ፤ ቃለ ጉባኤ ፈረሙ። ሊቀመንበር የሆነችው አስተማሪዋ ናት፤ አባ እምቢም ከቦርዱ ኃላፊዎች አንዱ ሆኑ። እኔ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኜ ስመረጥ የተጨበጨበው ጭብጨባ ከጎረቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አንስቷል። ለማኅበሩ ታላቁ ዓለም አቀፍ ምርኩዝ የሚል ስም ባቀርብም የእህቴ ልጅ ስም ያልሆነውን ነኝ ማለት የለበትም፣ ሰው ያሳስታል ብላ ከለከለች። እኔ ስፋቱን እንጂ ስሕተቱን አላየሁም ነበር።

የምዝገባ ቢሮ ስንሄድ የተቀበለን ባለሙያ ጨዋ ሰው ነው። ዓላማችሁ ምንድን ነው ሲል አባ እምቢ ሰው ሁሉ እንዲቆም አሉት፤ የእህቴ ልጅ በትሕትና ከደንቡ ላይ አነበበችለት፦ ለታመሙና አካላቸው ለተጎዳ የሰፈሩ ነዋሪዎች የመንቀሳቀሻና የማስታመሚያ ዕቃ ያለ ክፍያ ማዋስና መጠገን። ሰፊ ዓላማ ያማረ ይመስላል እንጂ፣ ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም፣ ምን እንደማይሠራም አይጠየቅም ብላ ኋላ አስረዳችን። ባለሙያውም ማኅበሩ በሕግ ዘንድ መኖር የሚጀምረው ከተመዘገበበት ቀን ነው ሲል አባ እምቢ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

"አንተ ዛሬ ተወለደ ብለህ ጻፍ ልጄ። ሕጉ ያለህ ይሁን። እኛ ግን ጥርሱን አብቅሎ፣ ስንቱን ደግፎ እንደመጣ እናውቃለን።"

የምዝገባ ማስረጃው እትዬ ዳቦ ሻንጣቸውን ሳይዘጉ ደረሰ። ያው መስኮት፣ ያው ወጣት፤ አሁን ግን ውሉን ተቀበለ። እትዬ ዳቦ ሰጪ ብለው ፈረሙ። በተቀባይ በኩል አስተማሪዋና አባ እምቢ ስለ ምርኩዝ ሆነው ፈረሙ። አባ እምቢ ከፈረሙ በኋላ ወጣቱን፣ "ሰውነቱን አየኸው?" አሉት። "አየሁት አባቴ" አለ። "ቀጣይ።"

እትዬ ዳቦ በሄዱ ማግስት ደላላው የወንድማቸው ልጅ ሜትሩን የሚያንቀጫቅጨውን ገዢ አስከትሎ መጣ። እኔ በሩ አናት ላይ ሰሌዳ ልሰቅል መሰላሌ ላይ ነበርኩ፤ ስለዚህ ሁሉን ከላይ አየሁት። ይህን ክፍል የያዘው ማነው አለ። አባ እምቢ ምርኩዝ ነው አሉት።

"ምርኩዝ የሚባል ሰው የለም" አለ ደላላው።

"አልነበረም። አሁን አለ።"

"እንግዲያው ጥሩልኝና ላናግረው።"

አባ እምቢ በሩ መሐል ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እኔ ግን መሰላሉን አጥብቄ ያዝኩ።

"ምሳ ጋብዘህ አታባብለውም፣ ሆድ የለውም። በሩን ልትገነጥልበት አትችልም፣ ቤቱ በስሙ ነው። እኔን ብታስፈራራኝም ክፍሉ የእኔ አይደለም፤ ብፈልግ እንኳ ልሰጥህ አልችልም። እስኪሞት እጠብቃለሁ ካልክ ጠብቅ፤ እግርህ ሲደክም ዊልቸር እናውስሃለን። ቅር ካለህ ደግሞ ክሰሰው። አሁን መከሰስ ይችላል።"

ገዢው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ደላላውም ስጦታው የተፈረመበት ቢሮ ድረስ ሄዶ ካጣራ በኋላ ዳግም ወደ ክፍሉ እንዳልመጣ፣ ክስም እንዳላቀረበ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ምርኩዝ ብዙ አይቷል። ለማን እንሰጠው፣ ማን ይፈርምልናል እያለ አሮጌ አልጋ ሲያከማች የኖረው ሆስፒታል አሁን ከአስተማሪዋ ጋር ተፈራርሞ ይሰጣል። አባላቱ በየዓመቱ ተሰብስበው ቦርዱ የሠራውን ይሰማሉ፣ ያልሠራውን ኃላፊ ይነቅላሉ። የፎቶ አንሺው ወንድሞች ሌላ ጊዜ ቅሬታ ሲኖራቸው የአባ እምቢን በር ሳይሆን የማኅበሩን በር አንኳኩተዋል፣ መልስም አግኝተዋል። አባ እምቢም ጣውላ ሲገዛ ውጭ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ገዝታችሁ ጨርሱ ብርዱ በላኝ እያሉ በመስኮት ይጮሃሉ እንጂ አይገቡም። እናንተም በየሰፈራችሁ ጥሩ ነገር አቁማችሁ በአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ያሳደራችሁ ሁሉ፣ ሽማግሌውን አሳርፉት፤ ለጥሩው ነገር የራሱን ሰውነት ስጡት።

ሰሌዳው ከየትም ይነበባል። ከጨረቃ ይታያል ብዬ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ማስረጃ አምጣ ስላለችኝ ከወንዙ ማዶ ይታያል እላለሁ። በትልቁ ምርኩዝ፣ ሥሩ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ብዬ ጽፌ ልወርድ ስል አባ እምቢ አንድ መስመር ጨምር አሉኝ። የእህቴ ልጅ በሕግ አያስፈልግም አለቻቸው። እምቢ አሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በታች፣ በቀይ ቀለም፣ እንዲህ ይላል፦ መክሰስም መከሰስም ይችላል።